የጾመው ቄጤማ

ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ አንድን ሰው በራሴ ምርመራ ወንጀለኛ አድርጌ አቅርቤአለሁ። ማስረጃ ነበረኝ፣ ምስክር ነበረችኝ፣ ተከሳሹም በመጨረሻ በሰው ፊት አመነ። ከዚህ የተሟላ ጉዳይ ከየትም አይመጣም። የጎደለኝ ወንጀሉ ብቻ ነበር።

ጊዜው ሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ቤታችን ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የቀበሌ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙበት ግቢ ውስጥ ነበር። የጭቃው ግድግዳ በጋዜጣ ስለተለጠፈ ማንበብ የተማርኩት ከግድግዳው ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ይህንን ደጋግሜ ብናገር ቅር አይበላችሁ፣ ያለ አስተማሪ የተማረ ሰው የሚኮራበት ሌላ ነገር የለውም። በአልጋዬ በኩል የተለጠፈው የፖሊስና የፍርድ ቤት ዜና ነበር። ስለዚህ እኩዮቼ ፊደል ቆጠራ ላይ ሲንተባተቡ እኔ «ተጠርጣሪው እጅ ከፍንጅ ተያዘ» እል ነበር። እናቴ ጀማነሽ «ይቺ ልጅ ወይ ዳኛ ወይ ነገረኛ ትሆናለች» ትላለች። ዳኛ አልሆንኩም።

ከግቢያችን ጀርባ፣ መሬቱ ወደ ወንዙ በሚያዘነብልበት በኩል፣ የአንድ ሠርግ ድንኳን ያህል ስፋት ያለው ረግረግ ነበር። በጋ ከክረምት አይደርቅም። ዳር ዳሩን ባዶ እግር የሚቆርጥ ግጫ ከቦታል። አንዱ ጥግ ላይ ፊላ ቡናማ ራሱን ቀና አድርጎ ይቆማል፤ እኛ ልጆች ራሱን ቀጥፈን እንደ ሲጋራ በሁለት ጣታችን ይዘን እንንጎራደዳለን። መሐሉ ግን ቄጤማ ብቻ ነው። የቄጤማ አረንጓዴ የሌላ ሣር አረንጓዴ አይደለም፤ እርጥብ ሆኖ ያበራል። ዘንጉ ሦስት ጠርዝ ስላለው በጣትና በጣት መሐል ቢያሽከረክሩት እሺ ብሎ አይዞርም። ሲቆረጥ ደግሞ የዱባ ልጣጭና የዝናብ ሽታ አንድ ላይ ይሸታል።

ሰፈሩ ሁሉ ምንጭ ነው ይል ነበር። አንዳንዷ ከምንጭም አሳልፋ ጠበል ነው ትላለች። ለነገሩ ምክንያት ነበራቸው፤ ኡራኤል ቅርብ ነው፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ በበጋ አይጎድልም፣ ከየት እንደሚመጣም የሚያውቅ የለም። የማያውቁትን ነገር ቅዱስ ለማለት ከዚህ ያነሰም ይበቃል።

የረግረጉ ባለቤት እትዬ ሸዋዬ ነበረች። ባለቤት ስል ካርታ ነበራት ማለቴ አይደለም። ማለቴ፣ ሳያስፈቅዳት አንድ ዘንግ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። አጭር፣ ክብ፣ ስትሄድ እንደምትንከባለል የምትመስል፣ ምላሷ ግን ቀጥ ያለ ሴት ነች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በቄጤማው ነው። ቆርጣ፣ በራሱ በቄጤማው ዘንግ አስራ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ኡራኤል በር አጠገብ ትሸጣለች። ልጁን የሚድር፣ ክርስትና ያለው፣ አዲስ ሱቅ የሚከፍት ሁሉ እሷን ፈልጎ ይመጣል። የሌሎቹ ሻጮች ቄጤማ ውስጥ ሣር አይጠፋም፤ የእሷ ውስጥ ሣር ያገኘ ሰው ታሪክ አልመዘገበውም።

አንድ የራሷ ሥርዓት ነበራት። ሁዳዴ ሲገባ ማጭዷን በጨርቅ ጠቅልላ ግድግዳ ላይ ትሰቅላለች። ከዚያ እስከ ለምለም ቅዳሜ ድረስ ማንም ቢለምናት አትቆርጥም።

«እኔ ከቅቤ እጾማለሁ» ትላለች፣ «እሱ ደግሞ ከማጭድ ይጹም።»

በዚያ ጾም ቄጤማው ወገቤ ድረስ ይደርሳል። በፋሲካ ዋዜማ ጠዋት ማጭዷን ታወርዳለች፣ መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑን ድርሻ ትሰጣለች፣ ከዚያ የሰፈሩ ወለል ሁሉ የእሷ ነው። ከዚያች አንድ ጠዋት የምታገኘው እስከ ክረምቱ መውጫ ድረስ ያኖራት ነበር። እንግዲህ የዚህ ታሪክ ጭንቅ ይህ ነው፤ ቄጤማው ፋሲካን ካልደረሰ እትዬ ሸዋዬ የምትበላው የላትም።

አሁን ወደ ተከሳሹ ልምጣ። ጋሽ ለታ ይባላል። ከግቢው ጫፍ፣ ለረግረጉ ቅርብ በሆነችው ክፍል ብቻውን ይኖራል። ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ቧንቧ ሲቀብር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። «እንደምን አደሩ» ሲሉት እንደተሰደበ ያህል ቆም ብሎ ያስባል፣ ከዚያ «ደህና» ይላል።

የመጀመሪያው ክስ፤ በሁዳዴ እንቁላል ይጠብሳል። መስኮቱን ይዘጋል፤ ግን መስኮት ሽታ ይዞ አያውቅም። ግቢው ሁሉ ሽሮ ላይ ተቀምጦ የሱን እንቁላል ያሸታል። ሁለተኛው ክስ፤ ሴቶች ጠርሙስ ይዘው ከረግረጉ ሊቀዱ ሲመጡ ያባርራቸዋል። «ይሄ አይጠጣም። ሂዱ፣ ሂዱ» ይላል፣ ዶሮ እንደሚያባርር በእጁ እያራገበ። ሦስተኛው ክስ ግን ከሁሉ የከፋው ነው። ጠዋት ጠዋት ቀጭን ረጅም ብረት ይዞ ከረግረጉ በላይ ወዳለው ዳገት ይወጣል። ብረቱን መሬት ውስጥ ይሰካል። ጎንበስ ይልና ጆሮውን ጫፉ ላይ አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ ፈንጠር ብሎ ሌላ ቦታ ይሰካል።

«ከማን ጋር ነው የሚያወራው?» አልኳት ቡዜን። ቡዜ ጎረቤታችንም ጓደኛዬም ነች። በዕድሜ ብዙም አትበልጠኝም፤ ስለ ሰይጣን ያላት ዕውቀት ግን የሽማግሌ ነው።

«አያወራም፣ ይሰማል» አለች። «ከመሬት በታች ያለው ነው የሚያወራው።»

በዚህስ አልተሳሳተችም። ከመሬት በታች የሚያወራ ነገር ነበር። ቧንቧ ሲያፈስ ድምፅ አለው፤ የድሮ ቧንቧ ሠራተኞች በብረት ዘንግ እያዳመጡ ነው ስንጥቁን የሚያገኙት። ከላይ ከመንገዱ ሥር የሚያልፈው ትልቅ ቧንቧ ተሰንጥቆ ኖሮ፣ ምንጫችንም ጠበላችንም እሱ ነበር። ይህንን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ጋሽ ለታና፣ እሱ የነገራት እትዬ ሸዋዬ። እኔ የሰማሁት ልጅነቴ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ ከራሷ አንደበት።

የዚያን ዓመት ሁዳዴ ሲጋመስ የግቢያችን ቧንቧ በጠና ታመመ። መጀመሪያ ቀጠነ፣ ቀጥሎ ጠብ ጠብ አለ፣ በመጨረሻ ሲከፍቱት አየር ብቻ እየነፋ ያንጎራጉር ጀመር። ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ባምቢስ በኩል ወዳለው ቦኖ ይመላለሱ ጀመር። እናቴም ከመሥሪያ ቤት፣ ከታይፕ መኪናዋ ላይ ተነስታ መጥታ፣ ጫማዋን ቀይራ ወደ ቦኖ ትሄዳለች። አባቴ መስክ ላይ ነው። ወንድሜ ደግሞ ሆዷ ውስጥ ነበር፣ ገና ሳይወለድ ጀምሮ ለሌላው ቦታ የማይተው ልጅ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብሬያት ነበርኩ። በረግረጉ ዳር ያለውን ቁልቁለት ስንወርድ እግሯ ከዳት። በጉልበቷ ተንበረከከች፣ ጀሪካኑ ተንከባሎ ክዳኑ ተከፈተ፣ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ቄጤማው ውስጥ ገባ። እትዬ ሸዋዬ ከቤቷ ደጃፍ አየችን።

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ሆድሽ?»

«ታዲያ በማን ሆድ ልሸከም?» አለች እናቴ፣ አሁንም እንደተንበረከከች።

«ተነሺ። አምጪው ጀሪካኑን።»

«እትዬ፣ ይተዉት። ደረስኩ እኮ።»

«አምጪው አልኩሽ።»

እናቴን ደግፋ አነሳቻት። ከዚያ ባዶውን ጀሪካን በእጇ እንደያዘች ቆማ፣ ውሃው የገባበትን ቄጤማ ረጅም ሰዓት ተመለከተች። ቄጤማዋ ሳይታሰብ ስለጠጣ ደስ ብሏት ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፀጉሯን ቅቤ ሳይሆን ውሃ ቀብታ ወጣች። ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ነው አልኩ። ወደ ኡራኤል መታጠፍ ሲገባት ወደ ባምቢስ ታጠፈች፤ ያንንም አየሁ፣ ዞር ያለ መንገድ መረጠች ብዬ አለፍኩት። እንዲህ ያለ መርማሪ ነበርኩ። የሄደችው ስንጥቁ ሰፍቶ የግቢውን ውሃ የሚያስቀረው ትልቁ ቧንቧ የት ላይ እንደተሰነጠቀ ለውሃ ሰዎች ልትናገር ነው። ያ ቧንቧ ሲጠገን ምን እንደሚደርቅ ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ሠራተኞቹ ዶማና አካፋ ይዘው መጡ። መንገዱ ዳር ሲቆፍሩ ጋሽ ለታ ከቤቱ ወጥቶ ዳገቱን በሩጫ ወጣ፤ እሱ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ከአለቃቸው ጋር ያወራል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ደጋግሞ በጣቱ ወደ ረግረጉ ይጠቁማል። እኔ ከታች ሆኜ ሁሉም ገባኝ። ማንን መግደል እንዳለባቸው እያሳየ ነው።

ለካ እየለመነ ነበር። «ከፋሲካ በኋላ አድርጉት። ለዓመታት የፈሰሰ ነው፣ ጥቂት ሳምንት ቢጨምር ምን ይሆናል? እኔም የሙያው ሰው ነኝ» እያለ። ሰዎቹ ሳቁበት። ቧንቧ አይጠገን ብሎ የሚለምን ቧንቧ ሠራተኛ አይተው አያውቁም።

ቧንቧው መጣ። ያውም እየተፋ፣ እያስነጠሰ፣ ቡናማ ውሃ ረጭቶ ሲያበቃ ጥርት ብሎ መጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ እጇን ከሥሩ አድርጋ፣ ምንም ሳትቀዳ፣ ውሃው በጣቶቿ መሐል ሲወርድ ዝም ብላ ታይ ነበር። ከሁሉ ረጅሙን እልልታ ያሰማችው እትዬ ሸዋዬ ነች።

ብዙ ሳይቆይ ረግረጉ ይደርቅ ጀመር። ጭቃው እንደ አሮጌ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ። ፊላው አንገቱን ደፋ። የቄጤማው ጫፍ ከዳር ወደ መሐል ቢጫ እየሆነ ሄደ። በልጉም የዚያን ዓመት ረስቶን ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ የጠፋው ቧንቧ መጣ፣ በዚያው ሰሞን የነበረው ምንጭ ሄደ። ከዚያ ሁሉ ጎረቤት፣ መምህር አለበት፣ የመንግሥት ሠራተኛ አለበት፣ ሁለቱን ነገር ያገናኘ አንድም ሰው አልነበረም። ያገናኙት እንቁላሉን ነው።

«ጠበሉ ተቆጥቶ ሄደ» አለች አንዷ።

«አይሄድ ታዲያ? በሁዳዴ እንቁላል እያሸተተ ይቀመጥ?»

«እኔ እኮ በፊትም ብያለሁ።»

ሁሉም በፊትም ብለው ነበር።

እኔ የተሻለ ጥርጣሬ ነበረኝ፤ ምክንያቱም ጭቅጭቁን ሰምቻለሁ። ልብስ ማስጫው ላይ ከተንጠለጠለ አንሶላ ጀርባ ሆኜ ነበር። ጋሽ ለታ ረግረጉ ዳር ከእትዬ ሸዋዬ ፊት ቆሞ፣ ሊጮህ ፈልጎ ድምፁን እየዋጠ ይናገራል።

«ማን ንገሪ አለሽ?»

«ማንም አላለኝም።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት አፌን ይዤ የኖርኩት ለዚህ ነው? ጉሮሮሽን በገዛ እጅሽ?»

«ቀስ ይበሉ፣ ጋሽ ለታ። ልጆች ይሰማሉ።»

«ይስሙ። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅዎት አይሆንም ይሉኝ ነበር።»

«አዎ፣ አይሆንም እል ነበር።»

«እኮ።»

እሱ ብረቱን መሬት ላይ ወርውሮ ሄደ። እሷ ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ ጭቃውን በቀሚሷ ጠረገች፣ በሩ ላይ አስደግፋለት ተመለሰች። እኔ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የያዝኩት፣ ጋሽ ለታ ለዓመታት አንድ ክፉ ነገር ሆዱ ውስጥ ደብቆ መኖሩን ነው። ግድግዳዬ ላይ ያሉት ወንጀለኞች ሁሉ ለዓመታት ደብቀው ነው የሚጀምሩት።

ማስረጃው ደግሞ በራሱ እግር መጣ። አንድ ማለዳ፣ ገና ሰው ሳይነሳ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ጋሽ ለታን ረግረጉ መሐል አየሁት። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቧል። ቢጫ ጀሪካን አጠገቡ አስቀምጦ፣ በጣሳ እየጨለፈ፣ የቄጤማውን ሥር ሥር ያጠጣል። ሲጨልፍ ዙሪያውን ይገላምጣል። ነፋሱ ወደ እኔ ሲመጣ የሸተተኝ በረኪና ነው።

ቡዜን ከቁርሷ ላይ አስነስቼ ወሰድኳት። እርጥቡን አፈር በጣቷ ነክታ፣ አሸተተች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«በረኪና ነው» አለች። «ሰይጣን በረኪና ይወዳል።»

«ሰይጣን ጥቁር አይደል እንዴ?»

«ለዛ ነዋ።»

ከዚህ በላይ ባለሙያ ከየት ይመጣል? ሽታው የጀሪካኑ ነበር። ጋሽ ለታ አንድ ጀሪካን ብቻ ነው የነበረው፣ እሱንም በረኪና ከሚያዞር ሰው የገዛው። አሥሬ አጥቦታል፤ በረኪና ሽታው እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። በድብቅ የሚያጠጣው ደግሞ ቢታይ ለምን እንደሆነ መናገር ስለሚኖርበት ነው። መናገር አይወድም። የሚያጠጣውም ያንን ሁሉ ረግረግ አልነበረም፤ የአንድ ሰው ጉልበት የሚችለውን፣ መሐሉን ብቻ።

ሆሳዕና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሴቶቹ ግቢው መሐል ተቀምጠው ዘንባባ ይጎነጉናሉ። ለእኔም አንድ ቀለበት ሠርተውልኛል። ወሬው የቄጤማው ነው።

«ዘንድሮ ከየት እናመጣለን?»

«አትክልት ተራ ይኖራል ይላሉ።»

«የአትክልት ተራው ሣር ነው እቴ።»

እትዬ ሸዋዬ አብራቸው ተቀምጣ ትጎነጉናለች። ፊቷን አየሁት፤ ጨዋታ የማታቋርጥ ሴት ዝም ስትል ፊቷ ሌላ ሰው ይሆናል። የቤት ኪራይዋ፣ የክረምት ጤፏ፣ ሁሉም እዚያ ቢጫ እየሆነ ነው። አላስቻለኝም። ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ወጣሁ።

«ቄጤማውን ማን እንዳደረቀው አውቃለሁ» አልኩ።

«ሀኒ፣ ውረጂ» አለች እናቴ።

«ተጠርጣሪው እዚሁ ግቢ ነው የሚኖረው።»

«ሀኒ።»

እግዜር ሲያመጣው፣ ጋሽ ለታ በዚያው ቅጽበት ያንን ቢጫ ጀሪካን ይዞ ከቤቱ ወጣ፣ ከቧንቧው ሊቀዳ። ጣቴን ቀሰርኩበት።

«ጋሽ ለታ በየጠዋቱ በረኪና ያጠጡታል። እኔና ቡዜ በዓይናችን አይተናል።»

ወደ ምስክሬ ዞርኩ። ቡዜ የለችም። ባለሙያዎች ፍርድ ቤት አይወዱም።

የጎንጓኞቹ እጅ ሁሉ ቆመ። «እንቁላሉ ሳይበቃ» አለች አንዷ ቀስ ብላ። ጋሽ ለታ ግን ወደ እሷ አላየም፣ ወደ እኔም አላየም። ጀሪካኑን ወደ ጀርባው ሊደብቅ ሞከረ፤ ያን የሚያህል ጀሪካን የት ይደበቃል?

እትዬ ሸዋዬ ዘንባባውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«እውነት ነው፣ ጋሽ ለታ?»

«እውነት ነው» አለ።

«በየጠዋቱ?»

«በየጠዋቱ።»

«በዚህ በጀሪካኑ?»

«በጣሳ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ሥር ሥሩን።»

እትዬ ሸዋዬ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እናቴም አንገቷን ደፍታ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። ምስኪኖች፣ እያለቀሱ ነው አልኩ። ከድንጋዩ የወረድኩት እንደ ጄኔራል ነው።

እየሳቁ ነበር፤ መርዝ በጣሳ እየጨለፈ ሥር ሥሩን የሚያጠጣ ሰው እንደሌለ ገብቷቸዋል። እትዬ ሸዋዬ ትንሽ አልቅሳም ነበር፤ ይህንን ግን ስትነግረኝ «ዓይኔ ውስጥ የዘንባባ ብናኝ ገብቶ ነው» አለች። የሰውየው ነገር ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ውሃ ነው ያጠጣሁት ማለት ይችል ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነች። ግን ያቺን ቃል ካላት ለማን ብሎ እንደሆነ ሰው ሁሉ ሊያይ ነው። ደግ ነው ከሚሉት መርዘኛ ነው ቢሉት መረጠ፣ ጀሪካኑን ሞላ፣ ገብቶ በሩን ዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ጣሳ ሰጠችኝ።

«ምንድን ነው?»

«መርዙን ልናጥበው ነዋ» አለች። «አንቺ አይደለሽ የደረስሽበት? በይ ቅደሚ።»

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የሰሙነ ሕማማትን ሳምንት ሙሉ ግቢው ከስግደት ወደ ጣሳ፣ ከጣሳ ወደ ስግደት ሲመላለስ ከረመ። እንቁላሉን የከሰሰችዋ ሴትዮ እንኳ ባልዲ ይዛ መጣች። የድስት እጣቢ የለ፣ የሳሙና ውሃ የለ፤ ከቧንቧው በቀጥታ፣ ንጹሑ ብቻ። ጋሽ ለታ ያፈሰሰውን መርዝ ሁሉ ከሥር እያጠብን መሆናችንን አልተጠራጠርኩም። እሱም ከእኛ መሐል ጀሪካኑን ይዞ ይጨልፋል፤ ያበላሸውን እንዲያስተካክል ተፈርዶበት ነው ብዬ አንዳንዴ «እዚህ ጋ ዘልለውታል» እለዋለሁ። ተመልሶ ያጠጣል።

ሁሉንም አላተረፍነውም። ዳር ዳሩ ደርቆ እንደ ጭድ ሆነ። መሐሉ ግን ቆመ፤ ቀጭን፣ ከሌላው ዓመት አጠር ያለ፣ ግን ለምለም። ቅዳሜ ስዑር ማለዳ እትዬ ሸዋዬ ማጭዷን ከግድግዳ አውርዳ ጨርቁን ፈታች። የቤተ ክርስቲያኑን ድርሻ ለይታ ለዲያቆኑ ሰጠችው። የቀረው ለአንድ ሳሎን ወለል እንኳ አይበቃም ነበር። እሷም አልሸጠችውም። በየቤቱ እየዞረች ለእያንዳንዱ ሰው ራስ የሚበቃውን ያህል ሰጠች። ቄጤማ ወለል ላይ ያልተጎዘጎዘበት፣ ሰው ሁሉ ግን ግንባሩ ላይ ያሰረበት ፋሲካ ያ ብቻ ነው የማስታውሰው።

መጨረሻ ላይ ጋሽ ለታ በር ላይ ቆመች። እኔ አድራሻውን ላረጋግጥ ተከትያታለሁ። በሩን ከፈተ። ከኋላው ምንም የሚጠበስ ነገር አይሸትም ነበር።

«ጎንበስ ይበሉ» አለችው።

«እኔ አልጾምኩም እኮ፣ ሸዋዬ።»

«አውቃለሁ። አሥር ቤት ያውቃል። ጎንበስ ይበሉ።»

ጎንበስ አለ። ቄጤማውን ግንባሩ ላይ አዙራ ከኋላ ቋጠረችው። ቋጠሮው እንዳይፈታ ሁለት ጊዜ ጎትታ አጠበቀችው። ቀና ሲል አረንጓዴው ዘንግ ሽበቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የሚያደርገው ጠፍቶት እዚያው ቆመ። ወንጀለኛ እንዲህ ምልክት ይደረግበታል ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ረግረጉ ግን ያንን ፋሲካ ብቻ ነው የተሻገረው። ሰኔ ላይ ዝናብ ሲመጣ የበቀለበት ተራ ሣር ነው። እትዬ ሸዋዬ ለጥቂት ጊዜ በሯን ዘግታ ከረመች፤ ግቢው ሰሐን እየሸፈነ ይልክላት ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ማጭዷን ከጨርቁ ጋር ብብቷ ሥር አድርጋ ስትወጣ አየናት። ጋሽ ለታ ባዶ ጆንያዎች ትከሻው ላይ ጥሎ ከኋላዋ ይከተላል። ቧንቧ ሲቀብር የኖረ ሰው ከተማው ዙሪያ ውሃ የት የት እንደሚተኛ ያውቃል።

የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ይመስለኛል፣ እናቴ ወንድሜን አዝላ፣ እኔ እጇን ይዤ መስቀል አደባባይ ታክሲ ስንጠብቅ፣ ከአቃቂ የመጣ ሚኒባስ ፊታችን ቆመ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወረደው ውሃ ነው። ቀጥሎ ወያላው፣ ሸሚዙ ርሶ።

«ፋዘር፣ በቃ ከዛሬ ወዲህ ይሄን ሣር ይዘህ እኔ መኪና ላይ እንዳላይህ።»

«ሣር አይደለም» አለ ጋሽ ለታ ከውስጥ። «ቄጤማ ነው።»

ከቁመቱ የሚበልጥ እርጥብ እስር ትከሻው ላይ አድርጎ እየተጎተተ ወረደ። ውሃው በጀርባው ይወርዳል። እትዬ ሸዋዬ ከኋላው ማጭዷን ይዛ ወረደች፣ ለወያላው ሁለት ዘንግ መዝዛ «ለእናትህ» ብላ ሰጠችው፣ እሱም ሳያስበው ተቀበለ። እኔ ግን ዓይኔ ያለው ጋሽ ለታ ላይ ነው። አሁንም እየተቀጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር አለፈ፤ ወንድሜ ተወልዶ ክርስትና ተነስቷል፣ እሱ ግን አሁንም ይሸከማል። ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘነኝ። ጠጋ አልኩት።

«ጋሽ ለታ፣ እስከ መቼ ነው?»

«ምኑ?»

«ቅጣትዎ።»

እስሩን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። እንደ ሰላምታ ጊዜው ቆም ብሎ አሰበ። ከዚያ በአገጩ ወደ እትዬ ሸዋዬ አመለከተኝ።

«እሷን ጠይቂያት።»

እትዬ ሸዋዬ ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ በሱ አንገት ላይ የሚወርደውን ውሃ ጠረገችለት። እኔን አላየችኝም።

«ገና ነው» አለች።